40 ወይስ 28? ለጎማ ስንት ንፋስ ይበቃዋል?

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ቶዮታ ቪትዝ አለችኝ፣ ሥራዬ አዲስ አበባ ውስጥ ሰው ማመላለስ ነው። በሳምንት አንድ ሁለት ጊዜ ደግሞ በፈጣኑ መንገድ አዳማ ደርሼ እመለሳለሁ። ደንበኛዬ የሆነው ጎሚስታ ‹40 ሙላው፣ ቤንዚን ይቆጥብልሃል› ይለኛል። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ደግሞ ‹ኮብልስቶን ላይ ለምትውል መኪና 28 ይበቃል፣ አታድርቃት› ይላል። በሩ ጋ የተለጠፈው ወረቀት 230 ይላል፣ ምን ማለት እንደሆነ አልገባኝም። ናይትሮጅን አስሞላ የሚሉኝም አሉ። የማንን ልስማ?»

ምላሽ፦

ወንድሜ፣ ትክክለኛውን መልስ የያዘው ያ ያልገባህ ወረቀት ነው። 230 የተጻፈው በኪሎፓስካል ነው፤ ጎሚስታህ በሚያነበው ቁጥር፣ ፒኤስአይ በሚባለው መለኪያ፣ 33 ማለት ነው። በባር ለሚለካ 2.3 ነው። ሌላ መኪና ይዛችሁ የምታነቡ፣ 220 ሲል 32፣ 240 ሲል 35፣ 250 ሲል 36 ብላችሁ ያዙት። የፊቱና የኋላው ቁጥር የሚለያይበት መኪና አለ። ለጥቂት ሰውና ለሙሉ ጭነት ሁለት መስመር የተጻፈበትም አለ፤ እንደ ጭነታችሁ መምረጥ ነው።

ወረቀቱ የሚለጠፈው የሹፌሩ በር ሲከፈት በሚታየው ምሰሶ ላይ ነው። መሪዋ ከቀኝ ወደ ግራ የተቀየረ መኪና ከሆነች ግን ዛሬ ተሳፋሪ በሚቀመጥበት በቀኙ በር በኩል ፈልጉት፤ ፋብሪካው የሚያውቀው ሹፌር እዚያ ነበር የሚቀመጠው። ግራውን በር ብቻ ከፍቶ «የእኔዋ ወረቀት የላትም» ያለኝ ሰው ብዙ ነው። ቀለም ተቀብቶበት የጠፋም ያጋጥማል፤ ያኔ የመኪናዋን መመሪያ መጽሐፍ ማየት ነው። በዚያው ወረቀት ላይ የጎማው ልክም ተጽፏል። 33 የሚሠራው ለዚያ ልክ ነው። ሰፋ ያለ ወይም ሌላ ዓይነት ጎማ አስገጥመህ ከሆነ ቁጥሩም ሊለወጥ ስለሚችል መጀመሪያ የጎማህን ልክ ከወረቀቱ ጋር አስተያይ።

ጎሚስታህ 40ን ከየት እንዳመጣው እገምታለሁ። የጎማው ጎን ላይ በትንንሽ ፊደል 44 ወይም 51 የሚል ቁጥር አለ፣ አጠገቡ «ከፍተኛው» የሚል የእንግሊዝኛ ቃል ተጽፏል። ብዙ ሰው እሱን የመሙያ ቁጥር ያደርገዋል፤ ጠንቃቃ ነኝ የሚለው ደግሞ ትንሽ ቀንሶ 40 ይላል። ያ ቁጥር ግን ጎማው መብለጥ የሌለበት ጣሪያ ነው። ጎማ ሠሪው ጎማው ቪትዝ ላይ ይገጠም ኮሮላ ላይ አያውቅም። የመኪናዋን ክብደት፣ የፊትና የኋላዋን ድርሻ፣ ፍሬን ስትይዝ የምትደፋበትን መጠን የሚያውቀው መኪናዋን የሠራው ነው፤ እሱ ደግሞ የጻፈው በሩ ላይ ነው።

አሁን ወደ ቤንዚኑ። ጎሚስታህ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም፣ ለዚህ ነው ምክሩ የሚያሳስተው። ጎማ ሲንከባለል መሬት የነካው ክፍሉ ይጨፈለቃል፣ ሲነሳ ወደ ቅርፁ ይመለሳል። ጎማ ግን እንደ ብረት ሞላ (ስፕሪንግ) አይደለም፤ ለመጨፍለቅ የወሰደውን ጉልበት ሲመለስ ሙሉውን አይከፍልም። የቀረው ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። ንፋሱ ሲያንስ የሚጨፈለቀው ይበዛል፣ ሙቀቱም ይበዛል፣ ያንን ሁሉ የሚከፍለው ታንከርህ ውስጥ ያለው ቤንዚን ነው። ስለዚህ ንፋስ ሲጨምር ነዳጅ ይቀንሳል የሚለው እውነት ነው።

ጥያቄው «ስንት?» የሚለው ነው። የአሜሪካ መንግሥት ለሹፌሮች በሚሰጠው የነዳጅ ቁጠባ ምክር ላይ ያለው ቁጥር ይኸው፦ የአራቱም ጎማ ንፋስ በአማካይ በ1 ፒኤስአይ ሲወርድ በአንድ ሊትር የምትሄደው መንገድ በ0.2 በመቶ ያህል ያጥራል። አንተ በወር 200 ሊትር ታቃጥላለህ እንበል። በ28 ስትነዳ ከ33 በ5 ወርደሃል፣ ይህ 1 በመቶ ነው፤ በወር 2 ሊትር። ወደ 40 ስትወጣ ደግሞ ያንኑ ሒሳብ ብንጠቀም 7 ሲባዛ 0.2፣ 1.4 በመቶ ይሆናል፤ 3 ሊትር እንኳን አይሞላም። እሱም ቢሆን በቸርነት የተሰላ ነው፣ ምክንያቱም ንፋሱ ከፍ እያለ ሲሄድ እያንዳንዱ ተጨማሪ ቁጥር የሚያተርፈው ከፊተኛው እያነሰ ይሄዳል። በከተማ ደግሞ ቤንዚንህን የሚበላው ዋናው ነገር ጎማ አይደለም። መገናኛ ላይ ሞተር አስነስተህ ቆመህ የምታጠፋውን ሩብ ሰዓት አስበው። አረንጓዴ ሲበራ መርገጥ፣ ቀይ ጋ ደርሶ ፍሬን መደገፍ፣ ይዞ የማይለቅ ፍሬን፣ የተዛባ አላይመንት፤ እነዚህ ከ3 ሊትር በላይ ይወስዱብሃል።

በ40 የምታገኘው ይህ ነው። የምትከፍለውስ? ከልክ በላይ የተነፋ ጎማ መሀሉ ያብጣል፤ መሬት የሚነካው በመሀሉ ብቻ ይሆናል። ጥርሱ ከመሀል ይበላል፣ ጠርዙ አዲስ እንደመሰለ ጎማው ያልቃል። አራት ጎማ ከጊዜው ስድስት ወር ቀድመህ ስትገዛ ያጠራቀምካቸው ሊትሮች የት ገቡ? ጉድጓድ ሲገባ ደግሞ ጎማው እንደ ልቡ መተጣጠፍ ስለማይችል ምቱ ወደ ቸርኬው፣ ወደ ሾክ አብዞርበሩና ወደ ቡሹ ይሄዳል። ኮብልስቶን ላይ በ40 ንፋስ ስትነዳ ጥርስህ ሲንቀጫቀጭ የምትሰማው እሱን ነው። ከሁሉ በላይ ግን ፍሬን ነው የሚያሳስበኝ። ኮብልስቶን የመኪና ጎማ እየፈተገው ድንጋዩ ለስልሷል፤ ሐምሌ ላይ ካፊያ ሲያርስበት ሳሙና ነው። ቁልቁለት ላይ፣ ሕፃን ዘሎ ሲገባብህ፣ የመዳፍህን ያህል የምትሆነው የጎማህ መሬት መንኪያ ናት የምታቆምህ። እሷኑ አጥብበህ 3 ሊትር ማትረፍ የሚያዋጣ ንግድ አይመስለኝም።

አንድ ሐቅ ልደብቅህ አልፈልግም። አስፋልት ላይ ውኃ ሲተኛ የተነፋ ጎማ የተሻለ የሚሆንበት ጊዜ አለ። በ1960ዎቹ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ናሳ በአውሮፕላን ጎማ ላይ ባደረገው ጥናት ጎማ ውኃ ላይ መንሳፈፍ የሚጀምርበት ፍጥነት በዋናነት ከንፋሱ ጋር እንደሚሄድ ታይቷል። ጥርሱ ላለቀ ጎማ ያንን ሒሳብ ብንጠቀም፣ 33 የተሞላ ጎማ መንሳፈፍ የሚጀምረው በሰዓት 95 ኪሎሜትር አካባቢ ነው፤ 20 የቀረው ጎማ ግን በ75 መሪህን ይነጥቅሃል። ጥርስ ያለው ጎማ ውኃውን ስለሚያስወጣ ከዚህ ይሻላል። ስለዚህ በክረምት ፈጣኑ መንገድ ላይ የሚያስፈራው የጓደኛህ 28 ነው እንጂ የጎሚስታህ 40 አይደለም።

ጓደኛህ 28 ያለው መኪናዋ እንድትለሰልስለት ነው። መለስለሷ እውነት ነው። አሸዋ ላይ ቢሆን ኖሮ ትክክል ይሆን ነበር፤ ኤርታሌ የሚሄዱ ላንድክሩዘሮች አሸዋው ጋ ሲደርሱ ንፋስ ያስተነፍሳሉ፣ ጠንካራ መሬት ሲያገኙ ግን መልሰው ይሞላሉ። 28ን ይዞ አስፋልት ላይ 100 መንዳት ግን ሌላ ነገር ነው። የጎማው ጎን በእያንዳንዱ ዙር ይታጠፋል፣ ይዘረጋል። የቪትዝ ጎማ በአንድ ኪሎሜትር ከ500 ጊዜ በላይ ይዞራል፤ አዳማ እስክትደርስ አርባ ሺህ ጊዜ ያህል ታጠፈ ማለት ነው። ሽቦ እያጠፍክና እያቃናህ ብትቆይ መጨረሻ ላይ ይግልና ይበጠሳል፣ የጎማው ውስጥም እንደዚያ ነው። አምስት ሰውና ሻንጣ ስትጭንበት ደግሞ ይብሳል። ጎማህ ጎን ላይ ከልኩ ቀጥሎ 82 የሚል ቁጥር ካለ፣ አንዱ ጎማ 475 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው፤ ያ የሚሆነው ግን በቂ ንፋስ ሲኖረው ነው። ሸክሙን የሚሸከመው ንፋሱ ነው፣ ጎማው ከረጢቱ ነው።

ይህ ነገር በዓለም ላይ ትልቅ ጣጣ አምጥቶ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ2000 አሜሪካ ውስጥ ፋየርስቶን 6.5 ሚሊዮን ጎማ ከገበያ ሰበሰበ። አብዛኞቹ ፎርድ ኤክስፕሎረር ላይ የተገጠሙ ነበሩ፤ በሩጫ ላይ የጎማው ላይኛው ክፍል ከሥሩ ተገንጥሎ ይወጣ ነበር፣ መኪናውም ይገለበጣል። የአገሪቱ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት ከዚህ ጋር ያያዘው የሟች ቁጥር 271 ደርሷል። ፎርድ ለዚያ መኪና ያዘዘው ንፋስ 26 ነበር፣ ጎማ ሠሪው ደግሞ 30 መሆን ነበረበት ይል ነበር፤ ሁለቱ ኩባንያዎች እርስ በርስ ተወነጃጀሉ፣ የመቶ ዓመት ያህል ወዳጅነታቸውም ፈረሰ። ጥፋቱ የጎማው ነው፣ የመኪናው ነው የሚለው ክርክር ረጅም ነው። እኔ ከዚያ የያዝኩት፣ አደጋው ጎልቶ የታየው ሙቀት ባለበት አካባቢ፣ በፍጥነት በሚነዱና በተጫኑ መኪኖች ላይ መሆኑን ነው። ከ26 ተነስቶ ሳይታይ ወደ 20 የወረደ ጎማ ሙቀት ላይ ምንም ማምለጫ የለውም።

ከዚያ በኋላ ነው አሜሪካኖቹ ንፋስ ሲጎድል ዳሽቦርድ ላይ የሚበራውን መብራት በሕግ ያስገደዱት፤ ከ2008 ሞዴል ጀምሮ እዚያ የሚሸጥ ትንሽ መኪና ሁሉ አለው። አዲስ መኪና ያላችሁ ግን ልብ በሉ፣ ሕጉ መብራቱ እንዲበራ የሚያስገድደው ንፋሱ ከተጻፈው በ25 በመቶ ሲወርድ ነው። 33 የነበረው 25 እስኪደርስ ድረስ ዝም ሊል ይችላል። «መብራቱ አልበራም» ማለት «ልክ ነው» ማለት አይደለም። መኪናውን ስታስነሱ መብራቱ አንድ ደቂቃ ያህል ብልጭ ድርግም ብሎ ከዚያ ሳይጠፋ በርቶ ከቀረ ደግሞ ችግሩ ንፋስ ላይሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ቸርኬው ውስጥ ያለው የመለኪያ ባትሪ አልቆ ነው።

ወደ ራሴ ልምድ ልመለስ። ከጋራዥ አስተማሪነቴ በፊት የጅቡቲ መስመር መኪኖች ያሉት አንድ ድርጅት ውስጥ የጎማ ኃላፊ ነበርኩ። የሚፈነዳው ጎማ በአብዛኛው የሚፈነዳው አፋር ውስጥ፣ ከቀትር በኋላ ነበር። ረዳቶቹ የሚሰጡት ምክንያት አንድ ነው፦ «ሙቀቱ ነፋው፣ በዝቶበት ፈነዳ።» ስለዚህ ሚሌ ላይ ይወርዱና፣ ጎማውን በእጃቸው ነክተው ግሎ ሲያገኙት፣ ንፋስ ያስተነፍሱለት ነበር። አንዳንዱ ውኃም ይደፋበታል። እኔም መጀመሪያ አምኜአቸው ነበር። በኋላ መኪኖቹ ከመነሳታቸው በፊት ጎህ ሲቀድ ሁሉንም ጎማ በመለኪያ መለካት ጀመርኩ። ብረት አንስተው ጎማውን እየመቱ በድምፁ የሚለዩት ሹፌሮች ሳቁብኝ። ያገኘሁት ግን ይህ ነው፦ ከኋላ ጎን ለጎን ከሚገጠሙት ከሁለቱ የውስጠኛው፣ ለመድረስ የሚያስቸግረው፣ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ከውጪው ያንሳል። ሸክሙ የውጪኛው ላይ ይወድቃል፣ ውስጠኛው ደግሞ እየተጨፈለቀ ይግላል። ጎማዎቹ የፈነዱት ንፋስ በዝቶባቸው ሳይሆን አንሷቸው ነበር። ረዳቱ ሚሌ ላይ ሲያስተነፍሰው ደግሞ በሽተኛውን ደም አፈሰሰው ማለት ነው።

ጎማ ሲሮጥ ንፋሱ መጨመሩ ተፈጥሮው ነው። ትንሽ መኪና ላይ ከ4 እስከ 6 ፒኤስአይ ይጨምራል፣ ይህን መኪና ሠሪው አስቦበታል። በሩ ላይ የተጻፈው ቁጥር ለቀዘቀዘ ጎማ ነው። ቀዘቀዘ የሚባለው ቢያንስ ሦስት ሰዓት የቆመ፣ ወይም ከሁለት ኪሎሜትር በታች ቀስ ብሎ የሄደ ነው። አንተ ጎማ የምታስነፋው መቼ እንደሆነ ልገምት፦ ሥራ ላይ ውለህ፣ እግረ መንገድህን፣ ፀሐይ ላይ። ጎማው 40 ዲግሪ ሞቋል፣ ጎሚስታው 33 አስነበበህ፣ ደስ ብሎህ ሄድክ። ጥቅምት ላይ ሌሊቱን ውጪ አድሮ ንጋት ላይ 10 ዲግሪ ሲደርስ ያ 33 ወደ 29 ይወርዳል። ምንም ሳይተነፍስ! ከዚያ ጓደኛህ ከሚልህ 28 ጋር ተገናኘህ ማለት ነው። ስለዚህ ጠዋት ከቤት ስትወጣ ለካ። ጎሚስታው ሩቅ ሆኖ ሞቆ ከደረሰ 3 ወይም 4 ጨምረህ አስሞላና በማግስቱ ጠዋት አስተካክል። የጋለ ጎማ ግን በፍጹም አታስተነፍስ።

ከፍታውንም ሰዎች ይጠይቁኛል፤ «አዲስ አበባ ላይ ሞልቼ ሰመራ ስወርድ ምን ይሆናል?» ይህ የምወደው ጥያቄ ነው። መለኪያው የሚያነበው የውስጡ ንፋስ ከውጪው አየር ምን ያህል እንደሚበልጥ ነው። አዲስ አበባ ላይ፣ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ፣ የውጪው አየር ግፊት 11 ፒኤስአይ አካባቢ ነው፤ ሰመራ ላይ ወደ 14። ሲወርዱ ውጪው ስለሚከብድ መለኪያው ላይ 3 ይጎድላል። ሰመራ ግን ሙቀት ነው፤ 20 ዲግሪ ላይ የሞላኸው ጎማ 40 ሲደርስ 3 ያህል ይጨምራል። አንዱ የወሰደውን ሌላው መለሰ። በአገራችን ከፍታና ቅዝቃዜ አብረው ስለሚሄዱ፣ ለአዳማ ጉዞህ ስትል ንፋስ መጨመርም መቀነስም አያስፈልግህም። አንድ ቦታ ላይ በሌሊትና በቀን መካከል ያለው ልዩነት ነው የበለጠ የሚያሳስተው፤ በየ7 ዲግሪው ገደማ 1 ፒኤስአይ ብለህ አስላው።

የጎሚስታው መለኪያስ? እኔ በአንድ ሰፈር አንዱን ጎማ ሦስት ጎሚስታ ጋ ለክቼ ሦስት የተለያየ ቁጥር አግኝቻለሁ፣ በመጀመሪያውና በመጨረሻው መካከል 6 ልዩነት ነበር። ሰዎቹ ተንኮለኛ ሆነው አይደለም፤ መለኪያው ቀን ሙሉ መሬት ላይ ሲወድቅ፣ አቧራና ዘይት ሲጠጣ የሚውል ዕቃ ነው። የራስህን ትንሽ መለኪያ ግዛና ኪስ ውስጥ አስቀምጠው። ጎሚስታው ይሙላ፣ አንተ ለካ። መለኪያህ ራሱ ትክክል መሆኑን አዲስ መሣሪያ ያለው ትልቅ ጋራዥ ወስደህ አንድ ጊዜ ብታስተያየው በቂ ነው። ሲጨርስ የቫልቩን ክዳን መመለሱን እይ፤ ትንሽ ነገር ናት ግን ጭቃና አቧራ ቫልቩ ውስጥ ገብቶ ቀስ እያለ እንዲያስተነፍስ የሚያደርገው የእሷ አለመኖር ነው።

ናይትሮጅን ጉዳት የለውም፣ ተአምርም የለውም። የምትተነፍሰው አየር ራሱ 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ንጹሕ ናይትሮጅን በጎማው ውስጥ አልፎ የሚያመልጠው ቀስ ብሎ ነው፤ ኮንሲዩመር ሪፖርትስ የተባለው የአሜሪካ የሸማቾች መጽሔት ጎማዎችን 30 ሞልቶ ለአንድ ዓመት አስቀምጦ ሲለካ፣ በአየር የተሞሉት በአማካይ 3.5፣ በናይትሮጅን የተሞሉት 2.2 ጎድለው ነበር። በዓመት 1.3 ልዩነት ማለት ነው። እነዚያ ጎማዎች ግን የቆሙ ነበሩ፤ ጉድጓድ ውስጥ ለሚገባ፣ ሚስማር ለሚረግጥ ጎማ መለካትን አይተካም። በነፃ ከሰጡህ ተቀበል፣ ክፈል ካሉህ ገንዘቡን መለኪያ ግዛበት።

ከጥያቄህ ውጪ አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ቪትዞች ላይ ደጋግሜ አየዋለሁ። ያለ ከመነዳሪ የሚሠራ ጎማ ጎኑ ሲሰነጠቅ ወይም ቸርኬው ሲጎብጥ «ከመነዳሪ እንክተትበት» ይባላል። ሰፈር ውስጥ እስከ ጎማ መደብር ድረስ ቢያደርስህ እሺ። በዚያ ጎማ ፈጣን መንገድ ላይ አትውጣ። ከመነዳሪውና ጎማው ሲፋተጉ ይሞቃሉ፣ ሚስማር ሲገባ ደግሞ ንፋሱ ቀስ ብሎ ሳይሆን በአንዴ ነው የሚወጣው። ጎኑ የተጎዳ ጎማ በንፋስ ልክ አይድንም። ያገለገለ ጎማ ስትገዛም ጎኑ ላይ DOT ከሚለው ጽሑፍ ቀጥሎ ካሉት የመጨረሻዎቹን አራት ቁጥሮች አንብብ፤ 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው፣ ዓመቱ በፈረንጆቹ። ጥርሱ ቢያምርም አሥር ዓመት ፀሐይ የበላው ጎማ ላይ ትክክለኛ 33 ብትሞላ የተሰነጠቀ ማሰሮ ውስጥ ውኃ መሙላት ነው።

ዶልፊን ሚኒባስ የሚነዱ ወንድሞች ይህንን 33 ለራሳችሁ እንዳትወስዱት። የእናንተ የጭነት ጎማ ነው፤ ፋብሪካው የሚያዘው ንፋስም ከዚህ ይበልጣል፣ ሰው ሲሞላ ደግሞ ኋላው ከፊት ሊለይ ይችላል። በሩን ከፍታችሁ አንብቡ። በኤሌክትሪክ የሚሠሩትም እንዲሁ፤ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ በየጋራዡ እየበዙ ነው፣ ባትሪያቸው ከባድ ስለሆነ ብዙዎቹ ከ33 በላይ ይጠይቃሉ። ጎሚስታው በልማድ 32 ከሞላላቸው በአንድ ቻርጅ የሚሄዱት መንገድ ሲያጥር ባትሪው ደከመ ብለው ይጨነቃሉ።

እንግዲህ ነገ ጠዋት፣ ሞተር ከማስነሳትህ በፊት፣ አራቱንም ለካና ቁጥሩን ስልክህ ላይ ጻፍ። ሁሉንም ወደ 33 አምጣ፤ 34 ቢሆን አልቆጣህም፣ ሁለት ሳምንት ይሰጥሃል። ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና ለካ። ደህና ጎማ በወር 1 ወይም 2 ሊጎድል ይችላል። አንዱ ብቻ ከሌሎቹ ይበልጥ ከወረደ፣ ሚስማር አለበት ወይም ቫልቩ ያስተነፍሳል፤ ዝም ብለህ እየሞላህ አትሂድ፣ አስፈታውና ይታይ። ስኮርታውንም አውጥተህ ለካ። እኔ ዘንድ ከሚመጡት መኪኖች በአብዛኞቹ ስኮርታው 15 እንኳን አይሞላም፤ ባለቤቶቹ የሚያውቁት ሌሊት፣ ሞጆ አካባቢ፣ ክሪኩን አውጥተው ጎማውን ከቀየሩ በኋላ ነው።